ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ነቢያትን በሩቁ መውደድ ቀላል ነው። ካረፉ ስንትና ስንት ዘመን ሆኗቸዋል፤ ደጅ አያንኳኩም፣ እራት አይጠይቁም፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጢማቸውን ዘርግተው ጸጥ ብለው ይኖራሉ። በሕይወት ሳሉ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አስቸጋሪ ሰዎች ነበሩ። በዓሉ ደምቆ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ የሰባው በሬ ታርዶ፣ ሰው ሁሉ «ዛሬስ እግዜርን ደስ አሰኘነው» ባለበት ሰዓት ከተፍ ይሉና ይህን ሁሉ ማን ለምኗችሁ ነው ይላሉ። ያ አሞጽ የሚሉት እረኛማ ጭራሽ እግዚአብሔር ዝማሬያችሁ ሰልችቶታል ብሎ አረፈው። እስቲ አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፋችሁ ስትዘምሩ አድራችሁ፣ ጎሕ ሲቀድ አንድ የበግ እረኛ መጥቶ እንዲህ ቢላችሁ ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ በበኩሌ በዘበኛ አስወጣው ነበር።

እንዲህ የምለው ስለማላውቃቸው አይደለም። ላልይበላ፣ ከዐለት ከተፈለፈሉት ከነዚያ አብያተ ክርስቲያናት በአንዷ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነቢያትን በግእዝ ያነበብሁ መሪጌታ ነኝ። ንባቡን ብቻ አይደለም፣ ትርጓሜውንም ከነአንድምታው ተምሬዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስጮኽላቸው ግን ጠባቸው ከእኔ ጋር ነው ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም። ከእስራኤል ጋር ነው እል ነበር። ሰው ለሌላ ሰው የተላከ ቁጣ ሲያነብ ድምፁ ያምርለታል።

እኛ ላስቶች ደግሞ እህል ሊጎድለን ይችላል እንጂ ሥርዓት አይጎድለንም። በሰሙነ ሕማማትማ አይጣል ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለማያውቅ ግን ልንገር፤ ከሆሣዕና ማግስት እስከ ትንሣኤ ባለው ሳምንት ከበሮ ዝም ይላል፣ ካህን በመስቀል አይባርክም፣ ሰው ከሰው አይሳሳምም፣ እንደምን አደርህም አይባባልም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለ ሸጠ ያን ሳምንት ሰላምታ የለም። ለሞተ ሰው እንኳ ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞተው ሁሉ አስቀድሞ ይጸለይለታል። በቁምህ ፍትሐትህን ሰምተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ብትሞት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገባትን አድርጋልሃለች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ መንግሥትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ካድሬው ይሰበስበንና ግራ እጃችንን ያስነሳናል፤ ይውደም ሲል ይውደም፣ ይለምልም ሲል ይለምልም እንላለን። የሚወድመው ምን እንደሆነ፣ የሚለመልመውስ ማን እንደሆነ የሚያጣራ አልነበረም። ስብሰባው ሲያልቅ በቀኝ እጃችን እያማተብን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሮጣለን። ሁለቱም እጆቻችን ሥራ አልፈቱም። በካድሬው ግን በሆዳችን እንስቅበት ነበር፣ ባዶ ጩኸት ያስጮኸናል ብለን።

ወደ ነገሬ ልግባ። ክፉው ቀን የመጣበት ዓመት ነው። ዝናቡ ተከታትሎ ቀርቶ፣ በሬው አልቆ፣ ሰው ባዶ ስልቻውን በብብቱ ይዞ ዘመድ ፍለጋ ከየአገሩ ወጣ። ያን ጊዜ ብብቱ ሥር የታጠፈ ስልቻ የያዘ ሰው ስታዩ ምን ፈልጎ እንደመጣ መጠየቅ አያሻችሁም። የሕማማት ሰኞ ዕለት፣ የስድስት ሰዓቱን ንባብ ጨርሼ ቤተ ክርስቲያኗ ከተፈለፈለችበት ጉድጓድ በደረጃው ብቅ ስል፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወይራ ሥር አንድ እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ አየሁ። ጌታሁን ነበር።

ጌታሁን ማን ነው ብትሉ፣ ገነተ ማርያም አብረን የቆሎ ተማሪ የነበርን ጓደኛዬ ነው። አንድ ጎጆ፣ አንድ ለምድ፣ አንድ አኩፋዳ ነበረን። አንድ ክረምት ተስቦ ያዘኝና ተማሪው ሁሉ ጎጆዋን ጥሎ ሸሸ፤ እሱ ብቻ ቀረ። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለሁለት ሰው ይለምናል፣ የለመነውን ቁራሽ በውሃ እያራሰ ያጎርሰኛል። እኔ ስድን እሱ ከስቶ ነበር። በኋላ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ዋድላ ተመለሰ፣ ኮን አካባቢ እናኑ የምትባል ልጅ አግብቶ ገበሬ ሆነ። እኔ መሪጌታ ሆንሁ። እኔ የበለጥሁት በትምህርት አይደለም፣ አባቴ ቆይተው በመሞታቸው ነው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሊነሣ ብድግ አለ። እንዳልጠራኝ ልብ በሉ፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፣ ሥርዓቱን ያውቃል። የሚጠብቀው ሰላምታ አልነበረም፤ በእጄ ጠቅሼ «ተከተለኝ» እንድለው ብቻ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ ሐዘን የተቀባ ፊቴን ይዤ፣ በጎኑ አለፍሁ። ተመልሶ ሲቀመጥ ስልቻው ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ።

መንገድ ላይ ለራሴ ብዙ ነገር ነገርሁት። ሕማማት ነው፣ ቀኖና ነው፣ መሪጌታው ያፈረሰውን ሕዝቡ ምን ብሎ ይጠብቀዋል፣ ለትንሣኤ ጠርቼው አብረን እንፈስካለን። ይህ ሁሉ ውሸት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከተወረሰ ወዲህ ለእኛ ለአገልጋዮቹም እህል ብርቅ ነበር፤ ጎታዬ ውስጥ ሦስት ቁና ገብስ ቀርታልኛለች፣ አራት ልጆች አሉኝ። ከጠቀስሁት ወደ ቤት ላስገባው ነው፤ ካስገባሁት ገብሱን ልካፈለው ነው። ቸግሮኝ ነው ብዬ በግልጽ ብነግረው እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን ንፍገቴን ሥርዓት አለበስኋት፤ ልብሱም ልክ ሆናት።

ማክሰኞም እዚያው ነበር፤ ማክሰኞም አለፍሁት። ረቡዕ ዕለት ተራው ደርሶኝ የማነበው ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ጾም የሚቆጣበትን ነበር። ታውቁታላችሁ። አንገታችሁን እንደ ደንገል ብትደፉ፣ ማቅ ብታነጥፉ፣ ይህን ጾም ያለው ማን ነው፤ ይልቅ ለራበው ቁረሱለት፣ ማደሪያ ያጣውን ቤታችሁ አግቡት፣ ከገዛ ሥጋችሁ ፊታችሁን አትመልሱ የሚለውን ነው። ያን ቀን ድምፄን እግዜር ከፍቶት ነበር። ዜማውን አስረዘምሁት፣ አንቀጠቀጥሁት፤ ድምፄ የዐለቱን ግድግዳ እየመታ ወደ ላይ ይወጣል። አሮጊቶቹ አለቀሱ። ግእዙን ሰምተውት አይደለም፣ ድምፄ ስለሚያባባ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ያለ አንጀትም እንባ ማስገኘት እችል ነበር።

ጨርሼ ስወጣ ጌታሁን ቆሞ ጠበቀኝ። ወይራዋን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ። ፊቱ ላይ ሰኞ ያልነበረ ነገር ነበረበት፣ ፈገግታ ቢጤ። ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም። አንገቴን እንደ ደንገል ደፍቼ አለፍሁት።

የሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ብርቄ የጉልባኑን ባቄላና ስንዴ ስትቀቅል፣ ከወይራዋ ሥር ሦስት ቀን ሙሉ አንተን አንተን ሲያይ የሰነበተው ሰው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። የተስቦውንም ታሪክ ስለምታውቅ ማማሰሏን አቁማ አየችኝ።

«አንተ ሰው፣ ሕማማት የከለከለው ሰላምታ ነው ወይስ ጉልባን?»

ጉልባኑን በሳህን አድርጋ ነጠላዋን እያጠለቀች ወጣች፣ እኔም ተከተልኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወይራዋ ሥር ማንም የለም። ጠየቅን፤ አንድ አዛውንት ትናንት ከሰዓት ወድቆ አይተውታል፣ ማን እንዳነሣው ግን አላዩም። በዚያ ዓመት ስለ ወደቀ ሰው ከዚህ በላይ የሚጠይቅ አልነበረም። ብርቄ ጉልባኑን በር ላይ ለነበሩት አከፋፍላ፣ እኔን እዚያው ጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሲመሽ እንደ ደንቡ ተሰልፈን፣ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ጠብ ጠብ እያደረጉ የእያንዳንዳችንን ኃጢአት ይሰማሉ፣ ስግደት ያዝዛሉ። እኔም ተናዘዝሁ። ማክሰኞ ዕለት ውሃ ጠምቶኝ ከሰዓቱ በፊት መጎንጨቴን ነገርኋቸው። አርባ አንድ ስገድ አሉኝ፤ አንድም ሳላጎድል ሰገድሁ። ጌታሁንን አላነሣሁትም። ደብቄ አይደለም፣ ኃጢአት ስል ትዝ ስላላለኝ ነው። በሕማማት ሰላም አላልሁም ተብሎ ይናዘዙታል እንዴ? እሱማ ጽድቄ ነበር።

ከዚያ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። የብርቄ አጎት አርፈው ለለቅሶ ኮን ወረድሁ፤ ቀኑ ገበያ ነበር። ከማር ሻጮቹ መካከል ጌታሁንን አየሁት። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል እንጂ እሱው ነው። ሞቷል ብዬ በልቤ ከቀበርሁት አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሰው መሀል እየተጋፋሁ ስሙን ጠርቼ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አየው፣ ፊቴን አየው።

«ሕማማቱ ወጣ እንዴ፣ መሪጌታ?» አለኝ።

በቁጣ ቢለኝ እችለው ነበር። እንዲያው እንደ ደህና ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ እጄን ጨብጦ፣ ሦስት ጊዜ ስሞኝ፣ ከማሩ አጠገብ ለምዱን አነጠፈልኝ። አንቱ እያለ ነው የሚያናግረኝ፤ ከአንድ አኩፋዳ የበላ ጓደኛዬ። ተው ብለውም አልተወም።

እንደ ነገረኝ፣ ያን ረቡዕ ከወደቀበት ያነሣችው ሐዋ የምትባል ላልይበላ ከገበያው ግርጌ ሻይ የምታፈላ እስላም ሴት ናት፤ እኔም አውቃታለሁ፣ ስንት ጊዜ በደጇ አልፌአለሁ። እሷ ሕማማት የለባትም። ከገበያ ስትመለስ ወድቆ አየችውና እንዴት ዋሉ ብላ ሰላም አለችው። አጥሚት እያጠጣች ስምንት ቀን አስተኛችው፤ መራመድ ሲችል ስልቻውን ማሽላ ሞልታ ከነጋዴዎች ጋር ሸኘችው። ዛሬም በዓመት አንድ ጊዜ ማር ይዞላት ይመጣል። ላልይበላ እየመጣ ነው እንግዲህ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እኔ ዘንድ ሳይደርስ።

«ያን ቀን ሲያነቡ ድምፅዎ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ይወጣ ነበር» አለኝ። «እዚያ ካለነው ግእዝ የሚሰማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለራበው ቁረሱለት ሲሉ፣ ይህን የሚያነበው ለእኔ ነው አልሁ። ሰላም ማለት ቢከለከል በንባብ ጠራኝ ብዬ ተነሥቼ ቆምሁ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ወሬ ለማስለወጥ ያህል፣ እናኑስ ደህና ናት አልሁት። ወይ እኔን! ምን አስጠየቀኝ? ያ ስልቻ የእሷ ነበር። ታማ ተኝታ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ ጠፍቶ፣ ጌታሁን ላልይበላ ወንድም አለኝ ብሏት ነው የወጣው። ያረፈችው የስቅለት ዕለት ነው። ከላልይበላ ዋድላ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሰኞ ብሰጠው ረቡዕ ማታ ይደርስላት ነበር። ይህን ስሌት እሱ አልነገረኝም። እኔው ነኝ እዚያው ለምዱ ላይ ተቀምጬ ያሰላሁት፣ ከዚያ ወዲህም በየቀኑ የማሰላው።

ማሩን በቅጠል ሸፈነና፣ ሲያስጨንቀው የኖረ ነገር እንዳለ፣ የተማረ ሰው ካገኘ ሊጠይቅ ሲመኝ እንደነበር ነገረኝ። የእነሱ ደብር ቄስ በራቡ ተሰደው ስለነበር በሆሣዕና ፍትሐት አልተደረገም። በሕማማትም አይደረግም። እናኑ እንዲሁ ናት የተቀበረችው።

«እናንተ ዘንድ ግን በሆሣዕና አድርሳችኋል አይደል? ለሚሞተው ሁሉ ነው የሚባለው። ከላልይበላ የተጸለየው ለእሷም ይደርሳት ይሆን?»

ያን ዕለት ፍትሐቱን በዜማ የመራሁት እኔ ነበርሁ። ደስ ብሎኝ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ ማን ማን እንደሚሞት ሳላስብ። ዋድላ ድረስ ይደርሳል የሚል ትርጓሜ ተምሬ አላውቅም።

«ይደርሳታል» አልሁት።

ፊቱ ሲበራ አየሁ። ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና፣ ከለከልሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ መሪጌታ፣ አሳረፍኸኝ አለኝ። አመሰገነኝ። በመጨረሻም አንተ ያለኝ በዚህች ምርቃት ላይ ነው።

አሁን ሸምግያለሁ፣ ድምፄም ሄዷል፤ ነቢያትን የሚያነቡት ሌሎች ናቸው። ሕማማት ሲገባ ዛሬም ሰላም አልልም፣ ሥርዓት ነውና አላፈርስም። ብርቄ ግን ከሰኞ ጀምራ ጉልባን ትቀቅላለች፤ ገና ሐሙስ አልደረሰም የሚላት ካለ እሱን ጠይቁት ብላ እኔን ታሳያለች። እኔም ወይራዋ ሥር እቀመጥና የሚወጣውን የሚገባውን ብብት ብብቱን አያለሁ። ከእናኑ ጋር አንድም ቀን ተያይተን አናውቅም። በሕይወቷ ሳለች ፍትሐቷን አድርሼላታለሁ፤ ያላደረስሁላት እህሉን ነው።