ባቡር አስታራቂው ጋሽ ኪሮስ

ለዕቃ ያለው ትዕግሥት ለሰው ሲሆን የሚያልቅበት ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ገጥሞኛል። የድሮ ጎረቤቴ ጋሽ ኪሮስ፣ ለሚ ኩራ ቤት ከገቡ ወዲህ ሳሎናቸውን በአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ ሞልተውታል። አሻንጉሊት ማለቴን ግን እንዳትነግሩብኝ!

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ፉርጎዎቹን በሁለት ሎኮሞቲቭ ሲያስጎትቱ አገኘኋቸው። ፊተኛው ይፈጥናል፤ ኋለኛው ይንቀረፈፋል፤ ሲጓተቱ ሁለቱም ከሐዲድ ይወጣሉ። በየሆዳቸው ፍጥነት የምትወስን ትንሽ ቺፕ አለች። ጋሽ ኪሮስ በስልካቸው ፍጥነቱን ዝቅ ከፍ እያደረጉ ሲያስማሟቸው ብታዩ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነው የሚመስሉት።

«ምስጢሩን ልንገርህ» አሉኝ። «ዘገምተኛውን ካቅሙ በላይ ማስሮጥ አይቻልም። ፈጣኑን ነው ዝግ የምታደርገው።»

በመጨረሻ ሁለቱ እኩል ሄዱ። እኔም፣ ከጎናችን ተቀምጠው ሲያዩ የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ ምሕረትም አጨበጨብን።

አመሻሽ ላይ ከእትዬ ምሕረት ጋር እስከ ታክሲው ሊሸኙኝ ወጡ። ጋሽ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው ተፈተለኩ። እትዬ ምሕረት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከእኔ ጋር ኋላ ቀሩ።

«ምነው ተንቀረፈፋችሁ? እንግዳችንን ታክሲው ሊያመልጠው እኮ ነው!» ብለው ጋሽ ኪሮስ ከሩቅ ጮኹ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ ምሕረት፣ «ፈጣኑን ነው ዝግ የሚያደርጉት ስትል አልነበረም እንዴ?»

ጋሽ ኪሮስ ቆሙ። አሰቡ። ተመልሰው የሚስታቸውን ክንድ ያዙና እኩል መራመድ ጀመሩ።

ልሳፈርበት የነበረው የወሎ ሰፈሩ ታክሲ ዓይኔ እያየ ሞልቶ ሄደ። ታዲያ ማን ደፍሮ «ፍጠኑ» ይላል? እኔም እንደ ፉርጎ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ።