ቀስ ብሎ ይዙር ወይስ ፈጠን ይበል?

አንድ ነገር ከመወሰኑ በፊት ዓለም ስለዚያ ነገር ያወራውን ሁሉ ሰምቶ መጨረስ የሚፈልግ ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፤ ሆሳዕና አብሮኝ የሚያስተምረው ታምራት ነው።

ጊምቢቹ የሚኖሩት አባቱ በአፉ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ አላቸው። አፈሙዙን ዝገት በላውና አዲስ ይሠራልኝ አሉ። ጠመንጃ ሠሪው ታምራትን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ «ጥይቱን እንዲያሽከረክር ውስጡ የሚቀረጸው ጥምዝ መስመር ቀስ ብሎ ይዙር ወይስ ፈጠን ይበል?»

ቀላል ጥያቄ ይመስላችኋል? ክረምቱ በእሱ አለቀ! መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ታምራት ስልኩን ያወጣል። «ለክብ እርሳስ ቀስ ያለው፣ ለረጅም ጥይት ፈጣኑ። ግን አባዬ የቱን ነው የሚተኩሱት?» ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው ይሄዳል፤ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ።

«አባዬ፣ ዛሬ ይወስኑልኝ። ምን ሊተኩሱበት ነው?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ዓይኔ አጥሩን እንኳ አያይም፤ ምን እተኩሳለሁ?»

«ታዲያ ለምን ይሠራ አሉ?»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በፊት ለመስቀል ብቻ ነበር የምትመጣው። ይሄ ነገር ከተነሳ ወዲህ በየሳምንቱ አገኝሃለሁ።»

ታምራት ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ አጥሩን በጥሞና መመርመር ያዝኩ።

«እንግዲያው የቱ ይሁን?» አለ ቀስ ብሎ።

«ክቡ ይሁን። እርሳሱ እዚሁ ቤት ነው የሚቀልጠው። አንዱ እሳቱን ሲጠብቅ ሌላው ቅርጹ ውስጥ ያፈሳል፤ ለብቻ አይሆንም።»

ታምራት ኮቱን አወለቀና እንጨት ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞረ።