ሌላ ካለ ይጠቀስ

ፎርም መሙላት የሚወድ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ራሴን ላመሰግን ብዬ አይደለም፣ ያየ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ከጎሬ ተቀይሬ ጋምቤላ ስመጣ፣ በዚያ ሙቀት ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሳይል ሦስት ገጽ የምሞላ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከክንዴ ሥር መሐረብ አነጥፋለኋ! አትሳቁ፣ ይኼም ሙያ ነው።

ጊዜው ክልል የተባልንበት ሰሞን ነው። ሁሉ ነገር አዲስ፣ ወንበሩ ብቻ አሮጌ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለቢሯችን ደብዳቤ መጣልን፤ ክልሎች ተማሪ ይላኩ የሚል። ፒያኖ አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና አለ። ተማሪው አንድ ዋና መሣሪያ፣ አንድ ሁለተኛ መሣሪያ ይመርጣል። ከኛ ማን ይሂድ ለማለት ስብሰባ እንኳ አላስፈለገም። ኦሞድ ነዋ!

ኦሞድ ኢታንግ ወረዳ የሚያስተምር አኙዋክ ነው። ቶም ይጫወታል። ቶም ምንድን ነው ላላችሁኝ፣ ባዶ የእንጨት ሳጥን ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተደርድረው በሁለት አውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ነው። ከአባቱ ነው የተማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሮ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጀምር፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ልብሱን ድንጋይ ላይ መምታት ያቆማሉ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። አንዴ ምን እያልክ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ የሞቱ ሰዎችን ስም እየጠራሁ ነው አለኝ። ቀጠለና፣ አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ እኔ አላውቅም፤ እኔ የማውቀውን ደግሞ ከኔ በኋላ የሚያውቅ የለም፤ ኖታ መጻፍ ብችል ወረቀት ላይ አስቀረው ነበር አለ። ትምህርት ቤቱን የፈለገው ለዚህ ነው እንጂ ዘፋኝ ልባል ብሎ አይደለም።

ፎርሙን ልንሞላ ተቀመጥን። መቼም እኔ እያለሁ ሌላ ሰው እስክሪብቶ አይጨብጥም። ዋና መሣሪያ የሚለው ጋ ስንደርስ ቶም የለም። ኦሞድ በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሌላ ካለ ይጠቀስ ይላል።”

ሳቅኩበት። ሃያ ዓመት ቢሮ የኖረ ሰው ያንን መስመር አያምንም። እዚያ የተጻፈበት ወረቀት ከሥር ይቀመጣል፤ ከሥር የተቀመጠን ማን ያነሳዋል? ስለዚህ ክራር ብዬ ጻፍኩለት። ያው በጣት የሚመታ አይደል? ከገባህ በኋላ ታስረዳቸዋለህ አልኩት። እሺ ጋሼ አለ። አስተማሪ ነው፣ ማንበብ መጻፍ ከኔ አያንስም፤ ግን ታላቁ ነኝና አከበረኝ። ያቺ አክብሮት እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

አዲስ አበባ ፈተናው ላይ ክራር አቀበሉት። ጭኑ ላይ አስተኝቶ በሁለት አውራ ጣት ሞከረው። ይኼን ሲነግረኝ ራሱ እየሳቀ ነው። ከዚያ ቶሙን ከቦርሳው አወጣላቸው። ፈታኞቹ እስከ መጨረሻው ሰሙት። አንዷ አስተማሪ ዓይኗን ጠራርጋ፣ እኛ እኮ ያንን መስመር ያስገባነው እንዳንተ ያለውን ፈልገን ነው፣ ለምን ክራር ብለህ መጣህ አለችው። እኔን አላነሳም። ተሳስቼ ነው አለ። ፎርሙን አስተካክለህ ከክልሉ ማኅተም ጋር በሁለት ሳምንት አምጣ፣ ቦታህን እንጠብቅልሃለን ብለው ሰደዱት።

ደብዳቤውን በአንድ ጠዋት ጻፍኩት። ማኅተሙስ? አሮጌው ገቢ ተደርጓል፤ አዲሱ ገና እየተቀረጸ ነው። ኦሞድ በየጠዋቱ የቢሯችን በረንዳ ላይ ቶም እየመታ ጠበቀ። ታይፒስታችን እንኳ ማሽኗን ትታ ትሰማው ነበር። ማኅተሙ የደረሰው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“ችግር የለም ጋሼ። ዓመት ይመጣል።”

ዓመቱ መጣ። ኦሞድ ግን አልደረሰበትም። በክረምቱ ወባ ያዘው፤ ከኢታንግ በጀልባ ይዘውት ሲመጡ መንገድ ላይ ሞተ። አለቀስኩ። መሐረቤ ለዚያም አገለገለ።

ከለቅሶው በኋላ እህቱ አባንግ ቶሙን በጨርቅ ጠቅልላ ቢሮ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

“ወረቀት አሁን ማኅተም አለው?”

አለው አልኳት።

“እንግዲያ ይሄ ይሂድ” አለችና ወጣች።

ራሴ ወሰድኩት። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ የሆነውን ብነግረው በአዘኔታ ተቀበለኝና ፎርም ሰጠኝ። የመሣሪያው ዓይነት፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና። ከሥሩ፣ ሌላ ካለ ይጠቀስ። በአዲስ አበባ ብርድ መሐረቤን አነጠፍኩ፤ ልማድ ነው። ቶም ብዬ ጻፍኩ። የመጣበት፣ ጋምቤላ። አጨዋወቱ፣ በሁለት አውራ ጣት። የተጫዋቹ ስም፣ ኦሞድ። የተጫዋቹ አድራሻ የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ጭረት አደረግኩበት።

ሰውዬው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ስርዝ ድልዝ የለው፣ የጎደለ የለው። ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ፣ “ጋሼ፣ ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ እንዲህ አስተካክሎ ፎርም የሚሞላ ሰው አይቼ አላውቅም” አለኝ።