የሊቀ መርፌ ወልደኢየሱስ ሩጫ ከአዘዞ እስከ ሚካኤል ደወል

ንዌጥን በረድኤተ እግዚአብሔር። ጣልያን ከጎንደር በወጣ በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የስፌት ማኪናው በቅዳሜ ገበያ በረንዳ ላይ ከነገሠ ብዙ ዘመን ሆኖት ሳለ፣ ሊቀ መርፌ ወመቀስ፣ ሱሪው የተቀደደበት ሁሉ የሚማጠናቸው፣ በግብርም በአካልም ሆደ ሰፊ የሆኑት አቶ ወልደኢየሱስ እንደምን እንደ ሮጡ እንጽፋለን። ያየነውን እንጽፋለን፤ ያላየነውንም ካየ ሰው ጠይቀን እንጽፋለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በሚካኤል ማኅበር ጠላው በሚዞርበት ቀን ጎረቤታቸው አያ ሐብተ ማርያም፣ ለከተማው ሩጫ የተመዘገቡት ጎበዞች ቁምጣ ሲያሰፉ አይቶ ነበርና፣ ቁምጣ የሚሰፋ ሌላ፣ በቁምጣ የሚሮጥ ሌላ ነው ብሎ ተናገረ። ቃሉም በሊቀ መርፌው ልብ እንደ ስንጥር ገባ፤ ዋንጫቸውን እንደ ያዙ ተነሥተውም እንዲህ አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅዳሜ ከአዘዞ ጎንደር እሮጣለሁ። ሚካኤልን፣ ኋለኛ ሆኜ አልገባም፤ ብገባ ለማኅበሩ ሁሉ በቤቴ እደግሳለሁ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ጌሾውን የሚወቅጠው የማን ክንድ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ቅዳሜ በዚያ ቤት፣ ማታ ማታ ከገበያ ከሚገባው ማኪና በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም። አቶ ወልደኢየሱስም በመማላቸው ተጸጸቱ፤ ነገር ግን በሚካኤል ምሎ መመለስ የለም።

ወእምዝ ቅዳሜ ጠባ። ለጎበዙ ሁሉ ሲሰፉ ከርመው ለራሳቸው ጨርቁም ጊዜውም አጥሮባቸው ነበርና፣ የቁምጣቸውን ማሰሪያ ከአሮጌ ክር ገምደው አስገብተው ነበር። ፊሽካው በተነፋ ጊዜ ጎበዞቹ እብቅ በነፋስ እንደሚበተን ሄዱ፤ ሊቀ መርፌውም በክብርና በዝግታ ተከተሉ። በመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን ክሩ ተበጠሰ። ሁለት እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አደረጉ፣ ቁምጣቸውንም ጨምድደው ያዙ፣ መሮጣቸውንም አልተዉም።

በዚያ ሰዓት ባንቺአየሁ የምትባል ዶሮ ሻጭ ከጠዳ በአቋራጭ መጥታ አስፋልቱን ገና መርገጧ ነበረ፤ ቀይ ዶሮዋ ከቅርጫቷ ጠፍታባት ትፈልጋለች። ሯጮቹ አስቀድመው አልፈዋልና ስለ ውድድሩ አላወቀችም። እነሆም ብቻውን የሚሮጥ፣ ላብ ያጠመቀው፣ በሁለት እጁ አንዳች ነገር ያቀፈ ሰው ባየች ጊዜ፣ «ዶሮዬን ወሰደ! ያዙልኝ!» ብላ አወጀች። እውነቱን እንመሰክራለን፦ የታቀፈው ሆድ ነበር።

በዚያች ዕለት ሊቀ መርፌውን የተከተለው ሠራዊት ይህ ነው፦ በግንባር ባንቺአየሁ፤ በቀኝ እንጨት ሻጮች ከነዱላቸው፤ በግራ ከጭልጋ ማር ያወረዱ ገበሬዎች፤ በመካከል ወደ ሠርግ ይሄድ የነበረ አንድ ዲያቆን፤ በደጀን ባለቤቶቻቸው የረሷቸው አህዮችና የማንም ያልሆኑ ውሾች። አቶ ወልደኢየሱስ ቆመው እንዳይናገሩ ትንፋሽ የለም፤ እጃቸውን ዘርግተው ንጽሕናቸውን እንዳያሳዩ ቁምጣው ይወርዳል። ስለዚህ የዱላ ፍርሃት በእግራቸው ገባና፣ በዕድሜያቸው ያልሮጡትን ሮጡ። ከሯጮቹ የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ አለፉ። ሁለት ወታደሮችንም አለፉ፤ ወታደሮቹም ያን ሠራዊት ባዩ ጊዜ መንገድ ለቀቁ። ፒያሳ ሲደርሱ ዳኞቹ አጨበጨቡ፤ እሳቸው ግን የመድረሻውን መስመር ረግጠው አለፉ እንጂ አልቆሙም። እስከ አጣጣሚ ሚካኤል ድረስ ሄደው፣ ደወሉን የደወለ አይነካም በሚለው በጥንቱ ሥርዓት ጥግ ያዙ፤ በአንድ እጃቸው ቁምጣቸውን፣ በአንድ እጃቸው ገመዱን ይዘው ደወሉን ደወሉ።

የደብሩ አለቃ ገብረ ሚካኤል ወጥተው ሕዝቡን ከበሩ ላይ አቆሙ፤ ነገሩን ከባንቺአየሁ ሰምተውም ይህን ፍርድ አወጁ፦

«በዚህ ደጅ ዱላ አይነሣም። አንተም ዶሮ ይዘህ እንደሆነ አውጣ፤ ካልያዝህ ሁለት እጅህን ወደ ሰማይ አንሣ።»

ሊቀ መርፌው አላነሡም። እንደ ሌባ መቆጠርና በሚካኤል ደጅ ዕርቃን መቆም፣ ሁለቱም ሞት ነበሩ። ሕዝቡም አጉረመረመ። ከዓይናቸው የወረደውን አንዳንዶች ዕንባ ነው አሉ፤ እኛ ላብ ብለን ጽፈነዋል።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ እማዋይሽ መጡ። ከፒያሳ ቆመው ባላቸው ሲያልፉ አይተው ተከትለው ነበር። እንጨት ሻጮቹን በክርናቸው ከፍለው ገቡ፤ መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈቱ፤ በባላቸው ወገብ ላይ እየደራረቡ ጠመጠሙ፤ ቋጠሩም። ወደ ሕዝቡ ዞረውም አወጁ፦

«ስሙ! ይህ ባሌ ነው። እንኳን የሰው ዶሮ፣ የቤታችንንም ሮጦ አይዝ። በል ወልዴ፣ አሁን እጅህን አንሣ።»

አነሡ። መቀነቱ ጸና፣ ዶሮም አልተገኘ። ዲያቆኑ ወደ ኋላ ቢመለከት ቀይዋ ዶሮ በአንዲት አህያ ጭነት ላይ ተቀምጣ ከሠራዊቱ ጋር መጥታለች። ባንቺአየሁም በሊቀ መርፌው ጉልበት ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም ማሯት። ከፒያሳ የተላከው ዳኛ ደርሶ፣ ኋለኛው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ እንደሆነ በአደባባይ አሰማ። ባልና ሚስቱም በገበያው መካከል፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰላም ለእገሪከ፣ ፈርተው ሳሉ ላልቆሙት። ሰላም ለከርሥከ፣ ዶሮ ነህ ተብሎ ለተከሰሰው። ሰላም ለሐቌከ፣ ሚስት በአደባባይ ላስታጠቀችው፤ በዚህች የነገሥታት ከተማ ዘውድ የጫነ ብዙ ነው፣ እንዲህ የታጠቀ ግን አልሰማንም።