የሰኢድ ድምፅ ማጉያ

መራጭ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል፤ የእህቴ ልጅ ሰኢድ ነው። በቀበሌው ኪነት ጊታር ይጫወታል። ለእጮኛው ለዘሀራ፣ "በሠርጋችን ራሴ እጫወትልሻለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ጊታሩ ግን የኤሌክትሪክ ነው፤ ያለ ማጉያ አይሰማም።

ኮምቦልቻ ወርዶ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ አየ። "ድምፁ አነሰኝ" አለ። ደሴ ወጥቶ በመብራት የሚሠራ ትልቅ አየ። "ከበደኝ" አለ። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ባለሱቁ ሰለቸውና፣ "ወንድሜ፣ ልትሸከመው ነው ወይስ ልታገባው?" አለው። እጮኛውን ገበያ ላይ አንዴ አይቶ የወሰነ ሰው ለአንድ ሳጥን እንዲህ ይንቆራጠጣል?

በመጨረሻ ትልቁን ገዛ።

"አንተ፣ እነዘሀራ አገር መብራት የለም እኮ!" ብዬ ብነግረው፣ "አጎቴ፣ እርስዎ ድምፅ አያውቁም" አለኝ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለኝ!

ማጉያውን በአህያ ጭነን ከቢስቲማ ወዲያ ሠርጉ ቤት ደረስን። ሰኢድ ገመዱን ይዞ መሰኪያ ፍለጋ የጭቃውን ግድግዳ ሁሉ ዳበሰ። ሰዉ መጠበቁ ታከተውና ከበሮውን መታ፤ ጊታሩን ማን ይስማው? የዘሀራ ዓይን እንባ አቀረረ።

"አታልቅሺ" አላት ሰኢድ፣ "ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ ትንሹን ደግሜ አየዋለሁ።"

"እንግዲያው መርጠህ ና፤ እኔ እስከዚያ አባቴ ቤት ነኝ" አለችው።

ማጉያውንና መራጩን ይዘን፣ ሙሽራዋን ትተን ተመለስን።