የሴቻው ቪላ ጠበቃ

የራሱ ያልሆነን ቤት ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። እንዲህ ያለው ሰው አጥር ስር ካገኘዎት ቀጠሮዎን ይርሱት። በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ይህን ሥልጣን ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክቡር አቶ ሀብተወልድ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ግዛታቸው ከአጥራቸው ማዶ ያለው፣ በቅርስነት የተመዘገበው ባለ በረንዳ ቪላ ነው።

ዓለምጸሐይ ይህን አታውቅም ነበር። በአርክቴክቸር ተመርቃ የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ቤቱን ለክታ፣ ሥነ ሕንጻዊ ፋይዳው ምን እንደሆነ ሪፖርት መጻፍ ነው። ከዚያ የቅርስ ኮሚቴው መጥቶ ቤቱ ከመዝገብ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ ይወስናል። ከተሰረዘ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበታል። ሜትሯን ስትዘረጋ ሌላኛውን ጫፍ አቶ ሀብተወልድ ይዘውት አገኘቻቸው።

"ቆይ ልጄ፣ ገና በሩን አልጨረስነውም!"

በሩን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ማጠፊያው ከየት እንደመጣ፣ አናጺው ስንት ልጆች እንደነበሩት፣ የትኛው ልጅ ሰነፍ እንደነበር ሁሉ ሰማች። በሁለተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ጠብቃ ሹልክ ብላ ብትመጣ፣ እሳቸው ምሳቸውን በሳህን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

"ይህን ቤት የነደፈው ግሪካዊ ኢንጂነር እኮ ሞኝ አልነበረም" አሏት እየጎረሱ። "ጣሪያውን ወደ ታች ያስረዘመው ፀሐይዋን ደጅ ሊያስቀራት ነው። በረንዳውን ወደ አባያ ሐይቅ ያዞረው ንፋሱን ሊጋብዝ ነው።" ኢንጂነሩን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ እንደ አማች ግን ይሟገቱለታል።

ከሁሉም አስበልጠው የሚያስጎበኙት የበረንዳውን የቀርከሃ መከለያ ነው። "ኢንጂነሩ ራሱ አስቦ ያሠራው" ይሉታል። መዝገቡም "ብርቅ፣ ከመጀመሪያው ያለ" ይለዋል። አጠገቡ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰቅለዋል። ዓለምጸሐይም ሪፖርቷን በሙሉ በዚህ መከለያ ላይ መሠረተችው።

ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ማልዳ ደረሰች። አቶ ሀብተወልድ በርጩማ ላይ ቆመው፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በጥርሳቸው ነክሰው፣ መከለያውን እየጎነጎኑ ነው።

"ጋሽ ሀብተወልድ! ምን እየሠሩ ነው?"

ቀርከሃውን ከአፋቸው አወጡ። "ምስጥ ነው ልጄ። የኢንጂነሩ መከለያ የእንጨት ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ሲል ምስጡ ዱቄት አደረገው። እኛ ደጋው ላይ፣ ገረሴ፣ የቀርከሃውን ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው፣ የተበላውን ቆርጠን እናሳጥረዋለን እንጂ አንጥለውም። ይሄ ቤት ግን ድንጋይ ነው፣ በየት በኩል ልቁረጠው? አባቴ እንዳስተማረኝ ጎነጎንኩለት። በየአራት ዓመቱ እቀይረዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን የኢንጂነሩ ነው ይላሉ?"

"የመዝገብ ቤቱ ሀብተወልድ ጎነጎነው ብል ማን ሊያየው ይመጣል?"

ዓለምጸሐይ ተናደደች፤ ከንዴቷ ግን ፍርሃቷ በለጠ። ሪፖርቱን የምታርምበት ጊዜ አልነበራትም፤ የኮሚቴው መኪና ደጅ ቆሟል።

ሰብሳቢው አቶ ገነነ መከለያውን በእጃቸው ዳሰሱ። "ይህ ከመጀመሪያው የነበረው ነው?"

ጥያቄው ለዓለምጸሐይ ነበር። "አዎ" ብትል ቤቱ ይተርፋል። እሷ ሳትመልስ አቶ ሀብተወልድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"አይደለም ጌታዬ። የኔ ሥራ ነው። ልጅቷንም እናንተንም ያታለልኩት እኔ ነኝ። እኔን ክሰሱኝ፤ ቤቱን ግን አታፍርሱት።"

ዓለምጸሐይ ይህን ስትሰማ ወደ ፊት ወጣች። "ጣሪያውና በረንዳው የኢንጂነሩ ናቸው" አለች። "መከለያው የእሳቸው ነው። ፈረንጅ የነደፈውን ቤት የደጋ ጋሞ እጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያቆመው ሌላ የት አይታችኋል? ፋይዳው ይሄ ካልሆነ እኔ የተማርኩትን አላውቀውም።"

ኮሚቴው ጓሮ ገብቶ ተመካከረ። ለአቶ ሀብተወልድ ያቺ ግማሽ ሰዓት ከጡረታ ዘመናቸው ሁሉ ረዘመችባቸው። በመጨረሻ አቶ ገነነ ወጡ። "ቤቱ ይቆያል። የሠሪው ስም ግን ይስተካከል" አሉና ሄዱ።

ዓለምጸሐይ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ሪፖርቱ ላይ ከኢንጂነሩ ስም ሥር "ሀብተወልድ ወልደሥላሴ፣ ከገረሴ" ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አነበቡት። ደገሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። እኚህን ሰውዬ ምን ያህል እንደወደደቻቸው የገባት ያኔ ነው፤ ዝምታቸውን አልቻለችውም።

"ጋሽዬ" አለች ጠጋ ብላ፣ "እስቲ ስለ ጣሪያው ይንገሩኝ።"

አራት ጊዜ ሰምታዋለች።