ቤተልን አታጉርሱብን

የእኛ ሰው ፍቅር በእጅ ይሄዳል፤ መድረሻው አፍ ነው። ሌላው ዓለም ሰው ሲወድ ምን እንደሚያደርግ በቅጡ አላውቅም፤ አበባ ይሰጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ግን የወደድነውን ሰው ጠቅልለን እናጎርሰዋለን። የጠላነውንም ቢሆን ሰው እያየን ከሆነ እናጎርሰዋለን። ጉርሻ ሲመጣ አፍ መክፈት ነው እንጂ «ጠግቤያለሁ» ማለት፣ «እጅ አለኝ» ማለት፣ ወይም እንደ አንዳንድ ሠለጠንን ባዮች «እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጉንጫችሁ እስኪወጠር፣ ዓይናችሁ እንባ እስኪያቀርር ትቀበላላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያነቃችሁን ሰው ታመሰግናላችሁ። እንዲህ ሆነን ስንኖር ጉርሻ ሰው ይጎዳል ብሎ የነገረን አልነበረም። እኔም የሰማሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያውም ልጄ ልትሆን ከምትችል ወጣት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሚስቴን በሞት ካጣሁ ወዲህ የምበላው ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ቤት ነው፤ ግቢያችን አንድ፣ በራችን ሁለት። ዳንኤልና ሚስቱ አስቴር አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ቤተል የምትባል። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። እኩዮቿ ማንጎ ዛፍ ላይ ሲንጠላጠሉ እሷ በእግሯ መሄድ የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እጆቿም የያዙትን ነገር ቶሎ ይለቃሉ። ሐኪሞቹ «የእድገት መዘግየት» አሉት። ስሙን ስትሰሙት የዘገየ አውቶቡስ ይመስላል፤ መናኸሪያ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁት የሚመጣ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን። እየጠበቅን ደግሞ እጃችንን አላሳረፍነውም። አጎረስናት።

ጠዋት እናቷ፣ ምሳ አባቷ፣ ራት እኔ፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ጎረቤት። ቤተል አፏን ከከፈተች ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። ልብሷን እናለብሳታለን፣ ጫማዋን እናስርላታለን፣ አፍንጫዋን እንጠርግላታለን። ፍቅራችን እንከን አልነበረበትም፤ ቢያንስ እኛ አላየንበትም።

ችግሩ የታወቀን ክረምቱ ሲገባ መዋዕለ ሕፃናት ልናስመዘግባት የሄድን ዕለት ነው። ርእሰ መምህሯ ደግ ሴት ናት፤ ልጅቷን አቅፋ ስማ ካበቃች በኋላ እውነቱን ነገረችን። «እኔ እቀበላታለሁ፤ ግን ለዚህ ሁሉ ልጅ ያለችኝ አንዲት ሞግዚት ናት። የሚያጎርሳት ሰው የለኝም። ምሳዋን ራሷ መብላት ከቻለች ከመስቀል በኋላ አምጧት።»  በባጃጅ ስንመለስ አስቴር ቤተልን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ፣ «እዚህ ካልገባች ከእኔ ጉያ ወጥታ የት ትደርሳለች?» አለች። ማንን እንደጠየቀች አላውቅም። እኔ መንገድ መንገዱን አየሁ።

ከሐያት ጋር ያገናኘን ሆስፒታሉ ነው። ገበያው ውስጥ የታወቀ የጅምላ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ተምራ ስታበቃ ሱቅ መቀመጡን ትታ፣ ቤት ለቤት እየዞረች እንደ ቤተል ያሉ ሕፃናትን ታለማምዳለች። ሙያዋ «ኦኩፔሽናል ቴራፒ» ይባላል። ዳንኤል ስሙን በስንት መከራ ያዘው፤ እኔ ተውኩት። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ዶክተር» አልናት። «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» ስትል ትሕትናዋ አስደነቀን።

ዶክተር ቤት ሲመጣ ምን ይደረጋል? ቤቱ ታጠበ፣ አዲሱ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ጠረጴዛው ላይ ሙዙም አቮካዶውም ለስላሳውም ተደረደረ። ቤተል የልደት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ካልሲ አጥልቃ፣ እንዳትቆሽሽና እንዳትወድቅ በትራስ ታጅባ ሶፋው ላይ ተሰየመች። ሐያት ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋውን አልፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንግዳ መሬት ሲቀመጥ ባለቤት ሶፋ ላይ ሊቀመጥ አይችልምና እኛም ተራ በተራ ወረድን። ቤተልን አውርዳ ፊቷ አስቀመጠቻትና አንድ ሙዝ አንሥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

ቤተል ሙዙን አየችው። እናቷን አየቻት። አፏን ከፈተች። አስቴር ልትነሣ ስትል ሐያት «ትንሽ እንያት» ብላ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። አየናት። ሙዙን አገላበጠችው፣ ጨመቀችው፣ ከነልጣጩ ነከሰችው፣ ጣለችውና አለቀሰች። አርባ ምንጭ ተወልዳ ያደገች፣ ሙዝ መላጥ የማታውቅ ልጅ እንዳለችን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

እኔ ዝምታው ሲከብደኝ ወሬ ማምጣት እወዳለሁ። «የእናንተ ሕክምና የሥራ ሕክምና ነው አሉኝ፤ ለመሆኑ ይቺ ሕፃን ምን ሥራ አላት?» አልኳት።

«ሥራዋማ ብዙ ነው ጋሼ» አለች ሐያት። «መብላት፣ መልበስ፣ መጫወት፣ ማቆሸሽ። ይሄ ሁሉ የእሷ ሥራ ነበር። እናንተ እየሠራችሁላት ነው እንጂ።» ከዚያ ሳቅ ብላ ጨመረች፤ «ከሥራ አባራችኋታል።»

በቀስታ ነው የተናገረችው። ያም ሆኖ ዳንኤል የሐያትን ለስላሳ አንሥቶ ራሱ ጠጣው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ተገለበጠ። ሐያት የምታዘው ነገር ሁሉ ከቤት የሚገኝ ነው። ቤተል ስትበላ እግሯ እንዳይንጠለጠል የዘይት ጀሪካን ከሥሩ ገባ። የማንኪያው እጀታ ለእጇ ስለቀጠነባት ወፈር ያለ ነገር ይልበስ ሲባል፣ እኔ ከሱቄ የባጃጅ መሪ ላስቲክ አምጥቼ ቆርጬ አለበስኩላት። (በሕይወቴ ብዙ ላስቲክ ሸጫለሁ፤ እንደዚያኛው ያኮራኝ የለም።) ቆጮ ጠንከር ስለሚል ለጣቶቿ እንዲመች በቁራጭ በቁራጩ ይቀርብላታል፤ ሙዝ ሲሆን ጫፉ ብቻ ይከፈትና የቀረውን እሷ ትልጠዋለች። ዋናው ትእዛዝ ግን አንድ ነበር፤ ማንም አያጉርሳት።

እስቲ እናንተ ሞክሩት። የምትወዱት ልጅ ፊታችሁ ተቀምጦ፣ ቁራሹን ይዞ ወደ አፉ ሲወስድ ጆሮው ጋ ሲደርስበት፣ ሲወድቅበት፣ እንደገና ሲያነሣ፣ እንባው ሲወርድ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ሥር ከታችሁ ተቀመጡ። እኔ ከባጃጅ ነጂዎች ጋር ስጨቃጨቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ድካም አላውቅም። ደስ ያላቸው የግቢው ዶሮዎች ብቻ ነበሩ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጀሪካኑ ዙሪያ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

ጎረቤትስ? ጎረቤት ዝም ይላል ብላችሁ ነው? እትዬ ብዙነሽ ከአጥራችን ማዶ ያሉ፣ ደግነታቸው ከድምፃቸው የማይተናነስ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ቤተል ወጥ በወጥ ሆና ስትታገል አስቴርም እጇን አጣምራ ቆማ ሳለች ደረሱ። ምንም አላሉም፤ ዘው ብለው ገብተው ጠቅልለው አጎረሷትና «እንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም!» ብለው ወጡ። በሳምንቱ አስቴር ልጇን እያስራበች እንደምትቀጣ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። የሚመክሯት ሴቶች መጡ፤ እየመከሩ አጎረሱ። አስቴር «እባካችሁ፣ ቤተልን አታጉርሱብን» ስትል ይውላል ይመሻል። ውሻ ያለው ሰው በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል፤ እኛም እንለጥፍ ወይ ተባብለን ነበር።

የባሰው ጠላት ግን ከውስጥ ወጣ። አንድ ቀን ዳንኤል ቤተልን ይዞ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። አስቴር ብትከፍተው የልጅቷ ጉንጭ ተወጥሯል፤ የአባትየው ጣቶች ወጥ በወጥ ናቸው።

«ስትራብ ማየት አልችልም!» አለ ዳንኤል። 

«እኔ እችላለሁ?» አለች አስቴር። «ድንጋይ ነኝ? እኔና አንተ ስንሞት ማን ያጎርሳታል? ንገረኝ እስቲ! እትዬ ብዙነሽ? ጋሼ?»

ጋሼ እኔ ነኝ። ከሁሉም ቀድሜ የምሞተው እኔ መሆኔን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱም እውነታቸውን ሲሆን ማስታረቅ እንዴት ያስቸግራል! ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሱቄ ሄድኩ፤ ልቤ ግን እዚያው መኝታ ቤት በር ላይ ቀረ።

ክረምቱ እንዲህ አለቀ። ሐያት ጠንቋይ አይደለችም፤ ራሷም ብላለች። ቤተል አንድ ቀን ሳህኗን ትጨርስና ደስታችን ጣራ ይነካል፤ በማግስቱ አንዲት ማንኪያ አታነሣም። አደይ ሲፈነዳ ግን ደህና ቀን ሲሆንላት በራሷ እጅ የምትጠግብ ልጅ ሆናለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ የሚያጎርስ እጅ ወደ እሷ ከመጣ የራሷን እጅ ትረሳዋለች። «መስቀሉን ነው የምፈራው» አለች ሐያት። አልተሳሳተችም። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ መስቀል አንድ ቀን መስሏችሁ እንዳይሆን! ከቤት ቤት ይዞራል፤ በየቤቱ እጅ አለ። ያንን ሁሉ ቀን ስትጎርስ ሰንብታ ብትመለስ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ላይ አፏን ከፍታ ልትቀመጥ ነው።

መቅረት ደግሞ አይታሰብም። ዶርዜ የአባታችን ታናሽ ወንድም አባባ አንጁሎ አሉ፤ ሸማ ሠሪ ናቸው፣ የቤተሰቡ ትልቅ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ጉርሻ ምርቃት ነው። እኔና ዳንኤል በዚህ ሽበታችን ፊታቸው ተንበርክከን አፋችንን እንከፍታለን። ዳንኤል ዳገቱን እስክንወጣ ድረስ «አባባ፣ ልጅቷ ሕክምና ላይ ስለሆነች…» የምትለውን አረፍተ ነገር ሲለማመድ ነበር። ጉሙ ውስጥ ስንገባ አረፍተ ነገሩ ጥሩ ደርሶ ነበር።

ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል። ሁላችንም በተራችን ጎረስን። ከዚያ አባባ ቆጮውን በቅቤና በሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ አሽተው፣ የቤተልን አፍ ሦስት እጥፍ የሚያክል አዘጋጁና «ና የኔ ልጅ» አሉ፤ በአማርኛ ሲናገሩ ለሴትም ለወንድም «እሱ» ነው የሚሉት። ዳንኤልን አየሁት፤ አረፍተ ነገሩ ጠፍቶታል። አስቴር ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ሳልኩ። ከዚያ በላይ ጀግንነት አልነበረኝም።

የአባባ እጅ ወደ ቤተል ሄደ። ቤተል አፏን አልከፈተችም። ፊቷን አዞረች፤ እጁ ተከተላት። ወደዚያ አዞረች፤ እጁም ዞረ። ይሄኔ በዚያች የያዘችውን በምትለቅ እጇ የአባባን እጅ በኃይል ገፋችው። ጉርሻው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ተዘረገፈ።

«እኔ!» አለች።

ይህችን ቃል ከአፏ ሰምተን አናውቅም። ጎንበስ ብላ ከገበታው ቁራሽ አነሣች፤ ግማሹ ወደቀ፤ የቀረውን ጎረሰችና እያየችን አላመጠች።

 በዚያ ቤት የአባባን ጉርሻ የመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

«ይሄ ልጅ ባለጌ ነው!» አሉ አባባ አንጁሎ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።

ዳንኤል ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉን አባባ፣ እሷ እኮ…»

«እሱ እኮ ምን? እጅ አለው። አፍ አለው። ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ባለጌ ነው! ቅጡት!»

አስቴር ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ መሃል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ነጠላውን ገለጠች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ሰሙ ጋሼ? ባለጌ አሏት እኮ!»

ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ያየ ሁሉ «ምስኪን» ብሏታል፣ «መልአክ» ብሏታል፣ ከንፈር መጦላታል። የተቆጣት ሰው ግን አልነበረም። ምስኪንን ማን ይቆጣል? እኛም አልተቆጣናትም፤ ከእሷ የምንጠብቀው ነገር አልነበረንማ። አባባ አንጁሎ ግን እንደማንኛውም ልጅ ጥፋት አጠፋሽ ብለው ቅጡልኝ አሉ። እኔም እንሰቱን ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ ጉሙ ነው እል ነበር።

ከመስቀል በኋላ ቤተል መዋዕለ ሕፃናቱ ገባች። ምሳዋን ራሷ ትበላለች፤ ቀሚሷም ድርሻው አይቀርበትም። ሐያት አሁንም ትመጣለች፤ በተራው ከልብስ ቁልፍና ከካልሲ ጋር ታታግላታለች። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሞግዚቷ ስልክ ደወለች፤ ቤተል የራሷን ምሳ ስትጨርስ አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ምሳ ቀምታ ስለበላች ወላጅ ይቅረብ። ዳንኤል የሠርጉን ሱፍ አውጥቶ ለበሰ፣ ከረባት አሰረ። አስቴር የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች። ሰው ወቀሳ ሊቀበል እንዲህ ያጌጣል ወይ ብዬ ልቀልድባቸው ነበር፤ ግን እኔም ለራሴ ኮቴን ስፈልግ ቆይቼ ሱቄን ዘግቼ ከኋላቸው እየሮጥኩ ነበር። በቤተሰቤ ላይ ክስ ሲቀርብ እኔ ልቀር ነው እንዴ?